ከበርበሬው ፍሬ በፊት

ባለፈው ኅዳር ልጄን ልጠይቅ ከገጠር ወደ ፍኖተ ሰላም መጣሁ። ከመናኸሪያው ወጥቼ ወደ ቤቷ ሰፈር ስታጠፍ በርበሬው ሳላየው በአፍንጫየ ገባ። በየደጁ ሸራ ተዘርግቶ ቀይ በርበሬ ተሰጥቶበታል፤ ባጃጁ እንኳ ዳር ዳሩን እየተጠነቀቀ ያልፋል። ሦስት ጊዜ አስነጠሰኝ። ሌላ ሰው ይህ ሽታ ሲመጣበት ምራቁ ይሞላል። እኔ አፍራለሁ። ይኸው ስንት ዘመን፣ በርበሬ በተሰጣበት ደጅ ሳልፍ ሰው የሚያየኝ ይመስል ነጠላየን ወደ ፊቴ እስባለሁ።

ቤት ስገባ ልጄ ቆማ ትቆጣለች። የልጅ ልጄ ቅድስት፣ ዘጠነኛ ክፍል ናት፣ ስልኳን ይዛ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጣለች።

«ምን ሆናችሁ?» አልሁ፣ ገና ሰላምታውን ሳልጨርስ።

«የሳይንስ አስተማሪዋ ነዋ፣ እማየ። ዓለም ከመፈጠሩ በፊት ምን እንደነበረ አይታወቅም ብሎ አስተምሯቸዋል። ልጄን ሊያስክድብኝ ነው? ነገ ጠዋት ዳይሬክተሩ ዘንድ እሄዳለሁ። የጎረቤት እናቶችም አብረን እንሂድ ብለውኛል።»

ወደ ልጅቱ ዞርሁ። «እንዲህ አለ?»

«አዎ እማማ። አይታወቅም አለ።»

«ከዚያስ?»

ስልኳን በጉልበቷ ላይ ገለበጠችው። «ከዚያ... ደወል ተደወለ።»

ያችን «ከዚያ» ብሎ ማቆም አውቃታለሁ። አንድ ጊዜ የእኔ ነበረች። ልጄን ነጠላሽን አስቀምጪና ተቀመጪ አልኋት፤ ለአንድም ሰው አውርቼው የማላውቀውን ነገርኋቸው። አሁን ደግሞ እጽፈዋለሁ። አራተኛ ክፍልን ያልጨረስሁ ሰው ነኝና ጽሑፉ ቢጎረብጣችሁ እለፉኝ፤ በሌላው ግን አትለፉኝ።

ያኔ አሥር ወይም አሥራ አንድ ዓመቴ ነው፤ ጽፎ ያስቀመጠልኝ የለም። አገራችን ከቡሬ በእግር አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ይሆናል። ስሜ አንጓች ነው፤ በቤት ግን «ዳኛዋ» ይሉኝ ነበር። እማየ ቆሎ ስታካፍለን የምቆጥረው እኔ ነኝ። አንድ ባቄላ ከተረፈች በጥርሴ ለሁለት ሰንጥቄ ለታናናሾቼ እሰጥ ነበር እንጂ ለራሴ አላስቀርም። «ይች ልጅ ስታድግ አገር ታስታርቃለች» ይል ነበር አባየ። ይህን የምጽፈው እንድትስቁ አይደለም። ፍርድ ምን እንደሆነ አላውቅም ነበር ብየ እንዳላመልጥ ነው።

በዚያ ዓመት ትምህርት ቤቱ ከተከፈተ ገና አራት ዓመቱ ነው። ባለ ቆርቆሮ ሁለት ክፍል፣ ደወሉ ከዛፍ የተንጠለጠለ ያለቀ ማረሻ፣ መደወያው ድንጋይ። አስተማሪያችን ጋሽ ዳኘው ከእንጅባራ ወዲያ የመጣ የአዊ ልጅ ነበር፤ ጢሙ እንኳ ገና በቅጡ አልበቀለም። አማርኛው ወፈር ይላል፤ ሲናደድ ደግሞ በአገሩ ቋንቋ ለራሱ ያጉረመርማል። ማደሪያ ስላልነበረው አባየ ከበረቱ አጠገብ ያለችውን ጎጆ ሰጠው።

ዝናቡ ደኅና ስለነበረ በርበሬው ያን ዓመት ማሳውን አቀላው። ከጥቅምት ጀምሮ ሥራችን እሱ ነው፤ መልቀም፣ ማስጣት፣ ሲደርቅ መቀንጠስ፣ ነጫጩን ከቀዩ መለየት። ማታ ማታ እጄ እንደ እሳት ይፋጃል፤ አሬራ ውስጥ እነክረዋለሁ። ጋሽ ዳኘው ቅዳሜ ቅዳሜ ከእኛ ጋር ይለቅም ነበር። የመጀመሪያው ዕለት ሳያውቅ ዓይኑን አሽቶ ግቢውን እየጮኸ ዞረው። እማየ ይዛ በአሬራ አጠበችው።

«አዩ መምህር፣ የእኛ በርበሬ ከፊደል ይከብዳል» አለችው፣ እየሳቀች።

«ፊደል ዓይን አያቃጥልም ያለዎት ማን ነው እትየ?» አላት፣ ዓይኑን እንደጨፈነ።

ከዚያ ወዲያ የቤት ሰው ሆነ።

አንድ ቀን ከቡሬ ገበያ እርሳስ ይዞ መጣ። በአንድ ወገን ቀይ፣ በሌላው ሰማያዊ ነው። እንዲህ ያለ እርሳስ በዓይናችን አይተን አናውቅም። «ነገ ሁላችሁም አንድ አንድ ጥያቄ ይዛችሁ ኑ። ደኅና ጥያቄ የጠየቀ ይወስደዋል» አለ።

ደኅና ማለት ትልቅ ማለት መሰለኝ። ከሁሉም የሚተልቅ ጥያቄ ፈለግሁ። ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ በርበሬ እየቀነጠስሁ፣ ከሰማይና ከምድር የሚተልቅ የለም፣ ስለዚህ ከእነሱ በፊት የነበረው ነው የሚበልጠው አልሁ። ምንም ያለመኖር ምን እንደሚመስል ለማየት ባዶው ጎተራ ውስጥ ገባሁና ክዳኑን በላየ ዘጋሁት። ያምና ጤፍ ይሸታል። ጨለማ ነው፤ ቀዝቃዛ ነው። ይህ ነው ዓለም ሳይፈጠር የነበረው አልሁና ደስ አለኝ። ኋላ ግን ጎተራው ራሱ የት ነበር የሚል ነገር መጣብኝ። ጎተራውን በሐሳቤ አወጣሁት። ጨለማው ቀረ። ጨለማውን ላወጣው ብል እንቢ አለኝ። ፈራሁና ክዳኑን ገፍቼ ወጣሁ። እማየ ገለባ ከጠጉሬ ስትለቅም «ምን ስትሠሪ ነበር?» አለችኝ። «የትምህርት ቤት ሥራ» አልኋት።

በማግሥቱ ተራየ ሲደርስ ቆምሁና «ሰማይና ምድር ሳይፈጠሩ ምን ነበረ?» አልሁ።  በልቤ እርሳሱን ያዝሁት።

ጋሽ ዳኘው ከኪሱ የደረቀ የበርበሬ ዛላ አወጣ። ያን ሰሞን የሁላችንም ኪስ በርበሬ አያጣም። ወዝወዝ ሲያደርገው ፍሬው ውስጡ ተንኮሻኮሸ። «በዚህ ውስጥ ስንት ማሳ በርበሬ አለ?» አለ።  «የሰማይን ነገር የሚመረምሩ ሊቃውንት አሉ። ፀሐዩ፣ ከዋክብቱ፣ ይህች ምድር፣ ሁሉም በአንድ ወቅት ከዚህች ፍሬ ባነሰ ነገር ውስጥ ታጭቀው ነበር፤ ከዚያ እየሰፉ ሄዱ ይላሉ።»

«ከዚያች ፍሬስ በፊት?» አልሁት።

«እሱን አላውቅም» አለ። «የሚመረምሩትም እስካሁን አላወቁም።»

አስተማሪ አላውቅም ሲል ሰምቼ አላውቅም ነበር። የተሸነፈ መስሎኝ ይብስ ደስ አለኝ።

ቀጥላ ሙሉ ቆመች። ሙሉ ከወንዙ ማዶ የምትኖር የአንዲት ባሏ የሞተባት ሴት ልጅ ናት፤ በክፍሉ ውስጥ በትምህርት ከእኔ የምትበልጥ እሷ ብቻ ነበረች። «ወፍ በርበሬ ስትበላ ለምን አታለቅስም?» አለች። ሁላችንም ሳቅንባት። ጋሽ ዳኘው ግን አልሳቀም። እርሳሱን አንሥቶ ለሷ ሰጣት።

«ያንቺ ጥያቄ ይተልቃል፣ አንጓች» አለኝ። «የሙሉ ግን እሷው በዓይኗ አይታ ያገኘችው ነው።»

ማረሻው ተደወለ። ልጆቹ ሲወጡ እኔ በሩ ላይ ቆሜ መንገዱን ዘጋሁበት። ሙሉ እርሳሷን በሁለት እጇ ይዛ ከኋላው ቆማለች። «እግዚአብሔርስ?» አልሁት። ለማወቅ አይደለም፤ ላጠምደው ነው።

በቁመቴ ልክ ዝቅ አለና ዓይኔን እያየ መለሰልኝ። ቃሉን ዛሬም አልረሳሁትም። «እግዚአብሔር ነበረ። ይህን አምናለሁ፤ እናቴ ያስተማረችኝ ነው። አላውቅም ያልሁት የሚለካውንና የሚቆጠረውን ነው። ሁለቱን አንድ ላይ ይዘሽ ሂጂ።»

እኔ ግማሹን ብቻ ይዤ ሄድሁ።

ያን ዕለት ደጃችን ላይ ሴቶች ተሰብስበው በርበሬ ይቀነጥሳሉ። እማየ አለች፤ ጎረቤታችን እትየ ጠጄ አለች፤ ሌሎችም አሉ። እትየ ጠጄ የሰማችውን ይዛ የማታድር ሴት ናት።

«ዳኛዋ፣ ዛሬ ምን ተማራችሁ?» አለች።

«ዓለም ሳይፈጠር ምን እንደነበረ ጋሽ ዳኘውን ጠየቅሁት። አላውቅም አለ።»

የእማየ እጅ ቆመ። «እንዴት አያውቅም? እግዚአብሔር ነበረ አላለም?»

አንድ ዛላ አነሣሁና ቀነጠስሁ። ሌላም አነሣሁ። ምንም አልተናገርሁም። እኔ እርሳሱን ካጣሁ እሱንም ትንሽ ይቆጡት ብየ ነበር፤ ከዚያ የሚያልፍ ነገር አልታየኝም። ከእኛ ደጅ «አላውቅም አለ» ብሎ የወጣው ወሬ ግን ወንዙን ሲሻገር «የለም አለ» ሆነ።

በማንም አገር ቢሆን ሰው ተጣልቶ ይሰዳደባል። በእኛ አገር እንዲያ የለም፤ ዝም ይሉሃል። ኅዳር ሚካኤል የጽዋው ተራ የአባየ ነበር። ጋሽ ዳኘውም ከመጣ ጀምሮ ማኅበርተኛ ነው። ሰዉ ተደርድሮ ተቀምጦ ጠላው ሲቀዳ እኔ ዳቦ አዞራለሁ። ቀጂው ጋሽ ዳኘው ዘንድ ሲደርስ ማድጋውን ቀና አደረገና አልፎት ወደሚቀጥለው ሄደ። አንድ ሽማግሌ ጣራውን እያዩ «ጠላው ዛሬ ቀጥኗል፣ ለእንግዳ የሚሆን አይደለም» አሉ። የሳቀ የለም፤ ቀና ብሎ ያየም የለም።

ጋሽ ዳኘው ገባው። ባዶ ዋንጫውን በአፉ ደፍቶ አስቀመጠና ተነሣ። «በርበሬው እንዳይረጥብ ልየው» ብሎ ወጣ። ሰማዩ ላይ አንዲት ደመና አልነበረችም። እኔ የሱን ድርሻ ዳቦ ይዤ መካከል ላይ ቆሜ ቀረሁ። ለማን እንደምሰጠው ጨነቀኝ። መልሼ ከሌማቱ ጨመርሁት።

ከዚያ በኋላ ልጆቹ አንድ በአንድ ከትምህርት ቤት ቀሩ። ወላጆቹ «በርበሬው ደርሶብን ነው» ይላሉ። ወደ አርባ ከምንሆነው ስምንት ቀረን፤ ኋላም አምስት። እሱ ግን ጠዋት ጠዋት ለአርባ ልጅ እንደሚደውል አድርጎ ማረሻውን ይደውል ነበር። እኔ አልቀረሁም። እንደ ወትሮው «አንጓች፣ ጥቁር ሰሌዳውን ጥረጊልኝ» ይለኛል። ጮክ ብሎ ቢቆጣኝ ኖሮ ይቀለኝ ነበር።

አባየ አላስችል አለው። «እንጀራየን የበላ ሰው በሹክሹክታ አይገፋም። አጥፍቶ እንደሆነ በአደባባይ ይጠየቅ፤ ካላጠፋም በአደባባይ ይንጻ» ብሎ ቄሰ ገበዙ ዘንድ ሄደ። ቄሰ ገበዙ የደብሩ አስተዳዳሪ ናቸው፤ የአባየን ነገር ተቀበሉት። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሕዝቡ እንዳይበተን ተባለና ከዋርካው ሥር ተቀመጠ። መስቀላቸውን ይዘው ቆሙና ገዘቱ። ይህ አስተማሪ ያለውን የሰማ ይናገር፤ ሰምቶ የሸሸገ፣ ያላለውንም የጨመረ በሥልጣነ ክህነቴ ውግዝ ይሁን አሉ። ግዝት ሲባል ሳር ቅጠሉ ሁሉ ዝም የሚል ይመስለኝ ነበር፤ እውነትም ዝም አለ።

አባየ እጄን ይዞ ወደ መካከል አወጣኝ። እጁ ይሞቃል። ልጁ እውነቱን እንደምትናገር እርግጠኛ ነበር።

«የጠየቅሽው አንቺ ነሽ፣ ልጄ?» አሉኝ ቄሰ ገበዙ።

«አዎ አባቴ።»

«ምን አለሽ?»

«አላውቅም አለ።»

«ከዚያስ?»

ጋሽ ዳኘው ከወንዶቹ ወገን ቆሟል። አያየኝም፤ የራሱን ጫማ ያያል። መናገር ፈልጌ ነበር። ነገር ግን ከተናገርሁ እስካሁን ለምን ዝም አልሽ ይሉኛል። አባየ እጄን እንደያዘ ነው።

«ከዚያ ደወል ተደወለ» አልሁ።

ከሴቶቹ መካከል ሙሉ ተነሣች። እናቷ ቀሚሷን ብትስባትም አልተቀመጠችም። «እግዚአብሔር ነበረ ብሏል። እኔም ሰምቻለሁ፤ እሷም ሰምታለች» አለች፣ በጣቷ እያሳየችኝ።

ሕዝቡ ወደ እኔ ዞረ። የሠራሁት ይህ ነው። ሌላው ሁሉ ልጅነት ነው ብትሉኝ እሺ እላለሁ፤ ይህን ግን አትበሉኝ።

«እርሳስ ሰጥቷት ነው» አልሁ።

«እርሳስ ሰጥቶሻል ወይ?» አሏት ቄሰ ገበዙ።

«ሰጥቶኛል... ግን—»

ሰዉ አጉረመረመ። አንዱ ከኋላ «በቃ፣ ጉቦ የበላ ምስክር» አለ፤ ሳቅ ሆነ። ሙሉ ተቀመጠች። እኔ ማልቀስ ጀመርሁ። እትየ ጠጄ እቅፍ አደረገችኝና «በርበሬው ነው፤ ጠዋት ስትሰጣ ነበር፣ እጇን ሳትታጠብ ዓይኗን ነክታው ነው» አለች። ሁሉም አመናት።

«መምህር፣ የሚሉት አለ?» አሉት ቄሰ ገበዙ።

«ያለችውን ብያለሁ» አለ ጋሽ ዳኘው። «የቀረውን እሷው ትጨምርበት።» ልጅ ዋሸች ብሎ በሕዝብ ፊት አልቆመብኝም።

ቄሰ ገበዙ እስኪ ነገሩ ይደር፣ በሚመጣው እሑድ እናየዋለን ብለው አሰናበቱን። ሰዉ ግን ፍርዱን ጨርሶ ነበር።

ግዝት ምላስን ያሳብጣል ሲባል ሰምቼ ነበርና ከዚያች ቀን ጀምሮ ወንዝ በወረድሁ ቁጥር ውኃው ላይ ምላሴን አያለሁ። ማክሰኞ ዕለት ምላሴ ተቃጠለ። ደረሰብኝ ብየ ጮኼ ልሞት ስል ለካ ሳላውቀው የበርበሬ ፍሬ ከንፈሬ ላይ ተለጥፎ ኖሯል። ያም ሆኖ አላስቻለኝም፤ ወደ የኔታ ሮጥሁ።

የኔታ ዓይናቸው ከጠፋ ቆይቷል፤ ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ሥር ባለች ጎጆ ተቀምጠው ተማሪ ያስተምራሉ። ድርጎ የምናደርስላቸው እኛ ስለሆንን በኮቴየ ያውቁኛል።

«ዳኛዋ፣ ዛሬ እህል ሳትይዥ መጣሽ» አሉ።

«የኔታ፣ ግዝት ግማሽ የተናገረን ልጅ ይይዛል?»

እጃቸውን ዘርግተው ከአጠገባቸው አስቀመጡኝ። ኋላ «ሌላው ግማሽ የት አለ?» አሉኝ። ሁሉንም ነገርኋቸው። ስለ ጎተራው እንኳ ሳይቀር።

ይቆጡኛል ብየ ስጠብቅ የመላእክትን ነገር ያወሩኝ ጀመር። እግዚአብሔር መላእክትን በፈጠረ ጊዜ ራሱን ሰወረባቸው፤ በጨለማ ሆነው ማን ፈጠረን ተባባሉ። አንዱ ወደ ላይ አየ፣ ወደ ታች አየ፤ ከእሱ በላይ ማንንም ስላላገኘ እኔ ነኝ የፈጠርኋችሁ አለ። ሌላው ደግሞ፣ የፈጠረንን እስክናውቅ በያለንበት እንቁም አለ።

«የወደቀው የትኛው ነው?» አሉኝ።

«እኔ ነኝ ያለው።»

«አላውቅም፣ እንቁም ያለውስ?»

«እሱማ ቅዱስ ገብርኤል ነው።»

«እንግዲያ አስተማሪሽ ማንን መሰለ?»

 ቀስ ብየ «የሚያውቀውን የደበቀስ፣ የኔታ?» አልኋቸው።

«እሱ በመላእክቱ ወገን የለም» አሉ። «እሱ የሰው ነው።» ከዚያ እጃቸውን ራሴ ላይ ጫኑ። «አንቺ አምነሽ ነግረሽኛልና እኔ አልናገርብሽም። እሑድ ራስሽ ተናገሪ። እናገራለሁ በይኝ።»

«እናገራለሁ» አልሁ።

ሐሙስ አለፈ፤ ዓርብ አለፈ። በሐሳቤ ብዙ ጊዜ ቆሜ ተናገርሁ። ቅዳሜ የቡሬ ገበያ ነው። ጠዋት በርበሬ ስንሰጣ ጋሽ ዳኘው የእንጨት ሣጥኑን ተሸክሞ ከጎጆው ወጣ። ውስጧን ጠርጓታል። እማየ ነገሩ ስለገባት ሩጣ ሄዳ በሶ ቋጠረችለት። አባየ ሣጥኑን ከትከሻው ተቀብሎ ወደ ገበያ በምትሄደው አህያችን ላይ ጫነለት።

እኔ ዘንድ ሲደርስ ቆም አለ። ዛላ እንደያዝሁ አንገቴን ደፋሁ።

«አንጓች፣ የሙሉን ጥያቄ ሳልመልስላት ሄድሁ» አለ። «ወፍን በርበሬ አያቃጥላትም በያት። አፏ እንደኛ አይደለም። እሷው ወፎቹን እያየች ትፈትሽ።»

ራሴን ነቀነቅሁ። ነገ እናገር ነበር እኮ ልለው ነበር። እሱ ግን ከገበያተኛው ጋር ተቀላቅሎ ቁልቁለቱን ወረደ፤ የአህያዋ ጆሮ ብቻ ይታየኝ ነበር፣ ኋላ እሱም ጠፋ።

በማግሥቱ ከዋርካው ሥር ቄሰ ገበዙ «መምህሩ እንግዲህ ሄዷል፤ የሚናገረው ያለው አለ?» አሉ። የኔታ በተማሪ ተመርተው መጥተው ከፊት ተቀምጠዋል። ዓይናቸው አያይም፤ ግን ፊታቸውን ወደ ሴቶቹ ወገን አዙረው ጠበቁኝ። ሰዉ ነጠላውን እያራገፈ ተነሣ። ሄደ። እሳቸው ፊታቸውን ሳይመልሱ ብዙ ቆዩ። ከእማየ ኋላ ተደብቄ አየኋቸው። ኋላ ዘንጋቸውን አነሡ።

በዚያ ዓመት ሌላ አስተማሪ አልመጣም። ማረሻው ተንጠልጥሎ ቀረ፤ ክፍሎቹን የበርበሬ ማስቀመጫ አደረጓቸው። እኔ ከዚያ ወዲያ ክፍል አልገባሁም። ለእኔስ በእጄ ያመጣሁት ነው፤ የሙሉ ግን የማን ነው? ትምህርት ቤት ያላት ልጅ ሳትዳር ትቆይ ነበር። ትምህርት ቤት ሲዘጋ እናቷ ቆይታ ምን ትሠራለች አለች፤ በጥር ጅጋ በኩል ላለ ሰው ዳሯት።

ለሠርጉ በርበሬ የሚቀነጥሱ ልጆች ተጠርተው እኔም ሄድሁ። ሙሉ እጇን እንሶስላ ሞቃ ግድግዳ ተደግፋ ተቀምጣለች። ሌሎቹ ውኃ ሊቀዱ ሲወጡ ሁለታችን ብቻ ቀረን። የምለው ሌላ ቢጠፋኝ የጋሽ ዳኘውን መልእክት ነገርኋት፤ ያን እስከዚያ ቀን ሳልነግራት ቆይቻለሁ።

«አውቄዋለሁ» አለችኝ። «ዛላ ሰቅየላቸው አይቻለሁ። ፍሬውን ይለቅማሉ፣ ይሄዳሉ። ምንም አይሆኑም።»

ከዚያ ከመቀነቷ እርሳሱን አወጣች። ቀዩ ወገን ትንሽ ተቀርጿል፤ ሰማያዊው አልተነካም።

«ያዥው። የምትፈልጊው አንቺ ነበርሽ። እኔ ከእንግዲህ ምን አደርግበታለሁ?»

አልፈልግም ማለት ይቻል ነበር። ይቅር በይኝ ማለትም ይቻል ነበር። ወሰድሁት። ጠብቄ አቆይቸዋለሁ ብየ ብጽፍ ደስ ባለኝ፤ ግን ወር ሳይሞላ በርበሬ ውስጥ ወድቆ ጠፋብኝ።

ለነፍስ አባቴ ኋላ ተናዝዣለሁ፤ ንስሐ ሰጡኝ፤ ሰገድሁ። ሙሉን ግን ከዚያ በኋላ አላየኋትም። ጋሽ ዳኘውም የት እንደደረሰ የነገረኝ የለም።

ይህን ስጨርስ ልጄ ነጠላዋን አጥፋ ጭኗ ላይ አስቀምጣለች። ቅድስት ታለቅሳለች። «በርበሬው ነው እንዳትይኝ» አልኋት።

አፍንጫዋን ጠረገች። «ደወሉ ቆይቶ ነው የተደወለው፣ እማማ» አለች። «አስተማሪው፣ ሳይንስ እዚህ ድረስ ነው የሚያየው፤ እምነታችሁ የሚላችሁን ደግሞ ቤታችሁ ጠይቁ፣ እኔም የምጸልይ ሰው ነኝ ብሏል።»

«ለምን ይህን አልነገርሽኝም?» አለች ልጄ።

«በፈተና ዝቅተኛ ውጤት ሰጥቶኝ ነበር።»

ልጄ አንድ ነገር ልትል አፏን ከፈተች፤ በእጄ ዝም አሰኘኋት። ነገ ዳይሬክተሩ ዘንድ የምትሄደው ቅድስት ራሷ ትሆናለች፤ ከጎረቤት እናቶቹ በፊት፣ እኔም አብሬያት። በአሮጊት እግሬም ቢሆን እሄዳለሁ አልኋቸው።

ቅድስት ቆይታ «እና እማማ፣ ከዚያ በፊት ምን ነበረ?» አለችኝ።

በሩ ክፍት ነው፤ የተሰጣው በርበሬ ይሸታል።

«እግዚአብሔር ነበረ» አልኋት። «ሌላውን አላውቅም። ስትናገሪ ግን ሁለቱንም እንዳልሁሽ ተናገሪ።»